ከመርዶ በፊት የሚታጠብ ፎቶ

አሜሪካ የገባሁት ሰው ሁሉ ፎቶ በሚያሳጥብበት ዘመን ነው። ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ውስጥ መስኮት የሌለው ትልቅ ሕንጻ ነበር፤ ከየመድኃኒት ቤቱና ከየሱፐርማርኬቱ የተሰበሰበ ፊልም በጭነት መኪና እየመጣ እዚያ ይታጠባል። ሠራተኛው አብዛኛው እንደኔ ከሌላ አገር የመጣ ነው። አንዱ ሐበሻ ሲገባ ሌላውን ይጎትታል፤ እኔንም የጎተተችኝ አብራኝ ቤት የተከራየች ልጅ ነበረች። ፈተናው ቀላል ነው። ባለቀለም ክቦች ጠረጴዛ ላይ በተኑልኝና ከቀዩ እስከ ሰማያዊው በተርታ አስቀምጪ አሉኝ። ያደግኩት ጥልፍ በሚጠልፉ ሴቶች መሀል ስለሆነ ቀለም መለየት አላስቸገረኝም፤ አለፍኩ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሙያ አልተማርኩም። አብረውኝ ከገቡት ብልጦቹ ማታ ማታ ነርሲንግ ተምረው ወጡ፤ ዛሬ ጡረታቸውን ይጠባበቃሉ። እኔ ግን ከማሽኑ አፍ የሚወጣው ወረቀት ገና እንደሞቀ ስይዘው ደስ ይለኝ ስለነበር ቀረሁ። ሞኝነት ነው። አሁን ሲደክመኝ ነው የገባኝ፤ ድካም ደግሞ ዘግይቶ የሚያስተምር አስተማሪ ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ዲጂታል ካሜራ የመጣ ሰሞን ሥራችን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ሰው በአሮጌውም በአዲሱም ያነሳ ነበር። አለቆቻችን ኬክ አስቆርሰው ዘንድሮ ጥሩ ዓመት ነው አሉን። ብዙም ሳይቆይ የሌሊቱ ፈረቃ ተዘጋና ሠራተኞቹ ወደ ቀን ተዛወሩ። ቀጥሎ የቀኑም ሰው በዛ ተባለ። አንድ ሰው በተሰናበተ ቁጥር ካርድ እየተዟዟረ እንፈርምለታለን፤ በመጨረሻዎቹ ካርዶች ላይ የምንፈርመው ሰዎች በጣም ጥቂት ስለነበርን ባዶው ቦታ ያሳፍር ነበር። የኔን ካርድ ማን እንደፈረመው ትዝ አይለኝም። ሕንጻው ዛሬ ሰዎች ትርፍ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት መጋዘን ሆኗል።

ከዚያ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ ፎቶ በአንድ ሰዓት የሚያደርሱበት ጥግ ነበራቸው። እዚያም ጥቂት ዓመት ቆየሁ። አንድ ጠዋት ስገባ ማሽኔ የለም፤ በቦታው ደንበኛው ራሱ በጣቱ እየነካካ የሚያዝዘው ስክሪን ቆሟል። ማናጀሯ አንቺ ካሸር ትሆኛለሽ አለችኝ። የሳል ሽሮፕና የፀጉር ቅባት ስሸጥ ከረምኩና፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ ሮጥኩ።

ይህ የመጨረሻው ቤት ከሐበሻ ምግብ ቤቶች ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ዊልሻየር መንገድ ሳይደረስ ነው። ባለቤቱ በኔ ዕድሜ ያለ አርመናዊ ነው፤ ሱቁን የከፈተው አባቱ ነው። ፓስፖርት ፎቶ ያነሳሉ፣ ፊልም ያጥባሉ፣ ከኋላ ደግሞ መኪና የሚያህል የወረቀት ማሽን አለ፤ ፎቶውን በብርሃን ወረቀት ላይ አሳርፎ በኬሚካል አጥቦና አድርቆ የሚያወጣው። እኔ የተቀጠርኩት ለዚህ ማሽን ነው። እሱ ካለ አለሁ፣ እሱ ከወጣ እወጣለሁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የኛን ሰው ፎቶ ማጠብ የራሱ ጣጣ አለው። ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ማሽኑን ያሳስቱታል። ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉን ነገር ያጠቁራል፤ ጥልፉ ክሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ፊት ግን ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑ የሚለውን ትቶ በእጅ ማስተካከል ነው። ነጠላው ትንሽ ቢነጣም ግድ የለም፤ ሰው ፎቶ የሚያየው ነጠላ ሊያይ አይደለም። ይህን ስለማደርግ ፌርፋክስ ላይ እሷ ፊት ታወጣለች ይሉኝ ነበር። ስሙን እወደው ነበር፣ አልዋሽም።

በፊት የምኖረው በሠርግ፣ በክርስትናና በምርቃት ነበር። ሠርጉ ስልክ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ምርቃቱም ተከተለው። ስልክ ያልወሰደብኝ ለቅሶን ነው። ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ በትልቁ ታጥቦ፣ ፍሬም ገብቶ ጠረጴዛ ላይ መቆም አለበት፤ ስልክ እየተቀባበለ የሚያለቅስ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ይህ ፎቶ ደግሞ ከመርዶው በፊት ነው የሚደርሰው። አገር ቤት ሰው ሲሞት እዚህ ላለው ልጁ ወይም ወንድሙ ወዲያው አይነገረውም። በመጀመሪያ ሌላው ይሰማል፤ ማን ይንገረው፣ የማን ሳሎን ሰው ይይዛል፣ ንፍሮውን ማን ይቀቅላል እየተባለ ይመከራል። በሥራ ቀን መርዶ አይነገርም፣ አርጂው ፈቃድ አያገኝማ። እዚህ አገር ሞትም ቅዳሜና እሁድን ይጠብቃል። እስከዚያ ባለ ሐዘኑ ምንም ሳያውቅ ይበላል፣ ይስቃል፣ ሎተሪ ይቆርጣል። የእናቱ ፎቶ ግን የኔ ማሽን ላይ እየታጠበ ነው።

ፎቶዎቹን የሚያመጡልኝ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሚራክል ማይል አካባቢ ባለ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ትልቁም ትንሹም ጋሼ የሚላቸው ሰው። ስልካቸውን ካውንተሩ ላይ ያስቀምጡና፣ በሱቁ ውስጥ ከኔ በቀር አማርኛ የሚሰማ ባይኖርም፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ይቺን በትልቁ ፕሪንት አድርጊልኝ። ልጁ ገና አልሰማም። ለሰንደይ ነው።»

«የማን ናት፣ ጋሼ?»

«የዚያ ሊሞ ድራይቭ የሚያደርገው ልጅ እናት። ሶ እንዳትነግሪው፣ አደራ።»

አደራ ማለታቸው ልማድ ሆኖባቸው ነው እንጂ እኔ ለማን እናገራለሁ። ክፋቱ ከዚያ በኋላ ልጁን መንገድ ላይ ማግኘቴ ነው። ከሩቅ ሳየው ወደ ማዶ እሻገራለሁ፤ ካልተሻገርኩ ፊቴ ላይ ያነበዋል። መሻገር ካልቻልኩ ስልክ የማነጋግር እመስላለሁ። አንዱ፣ ምን በድዬሽ ነው የምትሸሺኝ ብሎ ተቀይሞኝ ነበር፤ መርዶው ከተነገረው በኋላ ሱቅ ድረስ መጥቶ አቀፈኝ። እንዲህ ነው የምንኖረው። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም፣ ብቻ ያደክማል።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ሱቁን ዘግቶ ወንበር ሳበልኝ። ወንበር ሲሳብልኝ ምን እንደሚከተል ቫን ናይስ ውስጥ ተምሬአለሁ። ወረቀቱ ተወደደ አለኝ። ኬሚካሉ ሥራ ሲያንስ ይበላሻል፤ ሳንሠራበት ስንደፋ ከረምን። ጠጋኙ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ እሱን የሚተካ የለም። አሁን አሁን ወጣቶቹ ተመልሰው ፊልም ማንሳት ጀምረዋል፤ ግን ታጥቦ በኢሜይል ይላክልን ነው የሚሉት፣ ወረቀት አይፈልጉም። አንዳንዶቹ ኔጌቲቩን እንኳ ሊወስዱ አይመለሱም። ያን ሥራ ደግሞ ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትሠራዋለች።

«ማሽኑን ለመለዋወጫ የሚገዛኝ ሰው አግኝቻለሁ» አለኝ። «እስከ ማርች መጨረሻ ልጠብቅ። ሥራ ከመጣ ማሽኑም አንቺም ትቆያላችሁ። ካልመጣ ግን አልችልም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ይረግሙታል።

ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸውም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተው፣ ይቺ ልጅ ስንት ዘመን ፊታችንን ስታወጣ ኖራለች፣ አሁን እኛ እንድረስላት አሉ። ሰው ሰማቸው። ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የከረመ ፎቶ ሁሉ ይመጣልኝ ጀመር፤ የጥምቀት፣ የስደተኛ ካምፕ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተነሱት። ከሱቃችን ትንሽ ወረድ ብላ ባልትና የምትሸጠው ሴት የልጅ ልጄን ክርስትና ሙሉውን አሳጥባለሁ አለችኝ። ባለቤቱ የወረቀቱን ሣጥን ከፍቶ እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ አዲስ ወረቀት እንዘዝ ይሆን አለ። እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደ ሰው ተኛሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ አይደለም፣ በአንድ ሳምንት ነው። ጠዋት ማሽኑን አሞቃለሁ፣ የሙከራ ወረቀት አወጣለሁ፣ ቀለሙን አያለሁ፣ ከዚያ በር በሩን እያየሁ እቀመጣለሁ። ጾም ነው፣ ሠርግ የለም አልኩ። ክርስትና ግን ጾም አያስቀረውም። ሞትም አይጾምም። ያለፈው ሁሉ የአንድ ሰሞን ይሉኝታ ነበር፣ አለቀ ብዬ ደመደምኩ። ሰው አንዴ ስልክ ለምዷል፤ በስብከት አይመለስም።

ይህን ሁሉ የማማርረው ለታላቅ እህቴ ነው። ደሴ ነው ያለችው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር፤ አዝላ፣ አብልታ፣ ተቆጥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በየእሁዱ እንደዋወላለን። ሥራዬ ሊዘጋ ነው ስላት፣ ሰው መልኩን ማየት መቼ ይጠላል ብለሽ ነው ትለኛለች። ፎቶ ማጠብ ማለት በእሷ ቤት እንደ ዳቦ መጋገር የማይቋረጥ ነገር ነው።

የጾሙ መግቢያ እሁድ ስደውል ልጇ አነሣው። ጉልበቷን አሟት ጸበል ገብታለች አለኝ፤ እስከ ፋሲካ እዚያው ትቆያለች፣ ስልክ አይያዝም። አመንኩት። ለምን አላምነውም፤ እህቴ ከተሳለች ተሳለች ነው። እንዲያውም ቀናሁባት። እኔንም ስልክ የማይገባበት ቦታ ወስዶ እስከ ፋሲካ የሚያስቀምጠኝ ባገኝ ብዬ ተመኘሁ።

በዚያው ሰሞን የሰውም ነገር ከፋብኝ። የባልትናዋን ሴት ጠዋት ሱቋ በር ላይ አገኘኋት፤ ገና እጄን ሳነሳ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችና እያወራች ገባች። የክርስትናውን ፎቶ ላለማምጣት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ተቀየምኳት። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በተቃራኒው ሰው ከወትሮው አጥብቆ ይስመኝ ጀመር። ትከሻዬን ይደባብሱኛል፣ አይዞሽ ይሉኛል፣ ከዚያ ቶሎ ዘወር ይላሉ። ሥራዬን ገና ሳላጣ ለቅሶ የተቀመጡልኝ መሰለኝ። ይህ ሁሉ አይዞሽ አንድ ፎቶ ቢሆን ማሽኑን ያቆይልኝ ነበር እያልኩ ወደ ቤቴ እነዳለሁ። ቤቴ ዛሬም ቫን ናይስ ነው፤ ፍሪዌዩ ላይ ቆሞ መዋል ለሚማረር ሰው በቂ ጊዜ ይሰጣል።

በማርች የመጨረሻ ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ምሳ ልበላ ወጥቼ ጋሼን አየኋቸው። ጥግ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት እየወጡ ነው። በእጃቸው ሰፊ ጠፍጣፋ ፖስታ ይዘዋል። ያን ዓይነት ፖስታ ስንቱን ለደንበኛ እንዳቀበልኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ውስጡ በትልቁ የታተመ ፎቶ ነው፣ ከስክሪኑ ማሽን የወጣ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

ክው አሉ። ሽማግሌ ሰው እንዲያ ሲደነግጥ አላየሁም።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ዛሬ ሥራ የለሽም?»

«ምሳ ወጥቼ ነው። የለቅሶ ነው የያዙት?»

ፖስታውን ወደ ኋላቸው ሸሸጉ። ይህ አናደደኝ።

«እርስዎም እዚህ ካሳተሙ እኔ ጋ ማን ይመጣል? ሥራዬ ሊዘጋ እንደሆነ ለሰው ሁሉ የተናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«ልክ ነሽ፣ ልጄ።»

«ልክ ከሆንኩማ ያሳዩኝ። ይሄ ማሽን ፊት እንደሚያጠቁር ያውቃሉ። ተበላሽቶ ከሆነ አምጡት፣ በነጻ አወጣዋለሁ። ባለ ሐዘኑ ምን አጠፋ?»

ፖስታውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያዙት። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ያፈሩ መሰለኝ፤ እንዲያውም ይፈሩ አልኩ።

«ሰዎቹ ቸኩለው ነው። ኢመርጀንሲ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ... ሌላ ጊዜ ላንቺ አመጣለሁ።»

«ሌላ ጊዜ የለም፣ ጋሼ። ማርች አልቋል።»

ትቻቸው ሄድኩ። መንገዱን ተሻግሬ ዘወር ስል መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት የጠፋባቸው ይመስል እዚያው ቆመዋል። ከአባቴ እኩል የማከብራቸውን ሰው እንዲያ ተናግሬ አላውቅም፤ ግን ያን ዕለት አልጸጸተኝም። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ፊት ተቀምጬ የሟቹ ዘመዶች ፎቶውን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አስብ ነበር። ይበላቸው፣ ማለቴ አልቀረም።

ማሽኑ አርብ ዕለት ወጣ። ጠዋት ኬሚካሉን ከየገንዳው ቀዳሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን የሚጎትቱትን ጎማዎች አንድ በአንድ አጥቤ አደረቅኩ። ገዢው ተይው፣ ሞተሩንና ሌንሱን ነው የምፈልገው፣ ሌላው ይጣላል አለኝ። አልተውኩም። ከሞቱ አሟሟቱ እንደሚባለው ነው፤ ቆሽሾ እንዲሄድ አልፈለግኩም። በኋለኛው በር ሲያስወጡት አልሆን ብሎ የበሩን መቃን ነቀሉት። ባለቤቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ያለፈውን ወር ራስሽ አይተሻል» አለኝ። «ጃኑዋሪ እንዳየሁት ቢቀጥል አላደርገውም ነበር። ከናንተ ሰው አንድም አልመጣም። ምን ላድርግ?»

ምንም አልኩት። እጄን ጨበጠኝ፣ ወጣሁ። ማሽኑ በቆመበት ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ ቀርቶ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ደወሉ። ላላነሳው አስቤ አነሣሁት።

«ማሽኑ ሄደ አሉ?»

«ሄደ።»

«ሶ ቁርጡ ታውቋል ማለት ነው።»

«ታውቋል፣ ጋሼ።»

«ነገ ጠዋት ቤት ነሽ?»

«የት እሄዳለሁ?»

ይቅርታ ሊጠይቁኝ የሚመጡ መሰለኝ። እኔም ልክ አልነበርኩምና ሻይ አፍልቼ እጠብቃቸዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

በሩ ሲንኳኳ ገና አልነጋም። በዚያን ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሐበሻ ለሌላ ነገር አይመጣም። እያወቅኩ ከአልጋዬ ወረድኩ፣ እያወቅኩ በሩን ከፈትኩ። ጋሼ ከፊት ናቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የባልትናዋ ሴት አለች፣ የሊሞው ሹፌር አለ፣ ደረጃው እስከ ታች ሰው ነው። ያን ሁሉ ፍሪዌይ በጨለማ አቋርጠው መጥተዋል። ምንድን ነው አላልኩም፤ ማን ነው አልኩ።

«እህትሽ» አሉ ጋሼ። «ከጾሙ መግቢያ በፊት ነው። አልታመመችም፣ ተኝታ ሳለች ነው ያረፈችው።»

ከዚያ የሆነውን በደንብ አላስታውሰውም። ጩኸቴን የሰማሁት የሌላ ሰው ጩኸት እንደሚሰማ ነው። ጸበል የተባለው፣ ስልክ አይያዝም የተባለው፣ ልጇ ድምፁን ለማስተካከል ጉሮሮውን ሲጠራርግ የነበረው፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። በየእሁዱ፣ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች ሲለኝ ነበር። ለሞተች እህቴ ስንት ጊዜ ሰላምታ ልኬአለሁ።

ረፋዱ ላይ ሳሎኑ ሞልቶ፣ እኔም ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ቀና ስል ጠረጴዛው ላይ ፎቶዋን አየሁት። ረቡዕ ጋሼ ደረታቸው ላይ የያዙት ነው። ነጠላዋ ጥርት ብሏል፣ ጥለቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፊቷ ግን የለም። ጥቁር ነው፤ ዓይኗ የት እንደሆነ የሚያውቅ ካልሆነ አያገኘውም። ጋሼ ፎቶውን ሳየው አይተውኝ አንገታቸውን ደፉ።

«ላንቺ እንዴት አመጣዋለሁ?» አሉ። «ማንስ ጋ ልሂድ?»

የባልትናዋ ሴት እግሬ ሥር ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። የክርስትናውን ፎቶ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቦርሳዋ ይዛው እንደምትዞር ነገረችኝ። በር ላይ ትደርስና ዓይኔን ለማየት አቅም አጥታ ትመለሳለች። «እንደኔው ሁሉም ነው» አለች። «አንቺ ፊት ታነቢያለሽ። ማን ይደፍራል?»

«ቶሎ መነገር ነበረበት» አሉ ጋሼ። «እኔ ነኝ ይቆይ ያልኩት። የሥራሽ ነገር ቁርጡ እስኪታወቅ ብዬ ነው። ሁለት ነገር ባንዴ እንዳይወድቅብሽ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ባዶው ወር ስልክ አልነበረም፣ ጾምም አልነበረም። እየራሩልኝ ነው ያልመጡት። ሥራዬ እስኪለይለት መርዶውን ደበቁልኝ፤ መርዶውን ለመደበቅ ከሥራዬ ሸሹ፤ እነሱ ስለሸሹ ሥራዬ ለየለት። ምልክቱን ከማንም በላይ የማውቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ማዶ መሻገሩን፣ ሳይጠራ የተነሣውን ስልክ፣ አጥብቆ ስሞ ዘወር ማለቱን፣ ዕድሜዬን በሙሉ ስሠራው የኖርኩትን ሁሉ ዓይኔ እያየ፣ ገበያ ጠፋ አልኩ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ በፍቅር ያደረጉት ነው። ግን ተናድጄ ነበር፣ አሁንም እናደዳለሁ፣ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ የመጣች አንዲት ሴት ፎቶው ላይ ጎንበስ አለችና ፊቱ አይታይም አለች፤ ነገሩን አታውቅም። «አንቺው ነገ ወስደሽ አውጪው እንጂ» አለችኝ።

«ማሽኑ አርብ ሄደ» አልኳት።

ጋሼ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ደረጃው ላይ ሳላቸው ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው መምጣቱን አላቆመም። ከሳን ዲዬጎ የመጡ ነበሩ። እህቴን ያየ ማንም የለም፤ ሁሉም ገብተው ፎቶው ፊት ይቆማሉ፣ ያተኩራሉ፣ ከዚያ ምን እንደሚሉ ግራ ገብቷቸው ወደኔ ይዞራሉ። እኔም ለእያንዳንዳቸው እነግራቸው ጀመር። ጠይም ናት እላለሁ። ዓይኗ ትንሽ ነው፣ ስትስቅ ጭራሽ ይጠፋል። ጉንጯ ላይ ማድያት አለ፣ ፀሐይ ያወጣው ነው። እዚህ ጋ፣ ከቅንድቧ ከፍ ብሎ፣ ጠባሳ አለ፤ እኔን አዝላ ስትሮጥ የወደቀች ጊዜ ነው።